እንስሳት መጥራት ወይስ ሥዕል ማስረዳት? የመርሳት በሽታን ከንግግር ለመለየት

የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ ንግግር ላይ ምልክቱን ያሳያል። ሐኪሞች ይህን ለማየት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች ሁለቱን እናነጻጽር።

አንደኛው አጭር ነው፤ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት ይጥሩልኝ» ይባላል። ጤነኛ አእምሮ ከበሬና ከፍየል ወደ ጅብና አንበሳ፣ ከዚያ ወደ አዕዋፍ ይሻገራል። አልዛይመር (በብዛት የሚታየው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ያለበት ሰው ቶሎ ያልቅበታል፤ የጠራውንም ይደግማል። ማንበብና መጻፍ ስለማይጠይቅ ፊደል ላልቆጠሩ እናቶቻችንም ይሆናል። ይሁንና የትምህርት ደረጃም ውጤቱን ስለሚለውጠው ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛው ሥዕል አሳይቶ «ምን ይታይዎታል?» ማለት ነው። ታዋቂው በ1972 እ.ኤ.አ. ከወጣው የቦስተን የአፋዚያ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የንግግር ችግር) ምርመራ የመጣ ነው፦ ልጅ በርጩማ ላይ ወጥቶ ብስኩት ይሰርቃል፣ በርጩማው ሊገለበጥ ነው፤ እናትየው ሳህን ስታደርቅ የዕቃ ማጠቢያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ታማሚው «ያ... ነገርዬው... እዚያ ላይ» እያለ ስም ይጠፋበታል፣ በየመሃሉ ረጅም ዝምታ ይገባል፣ የሚፈሰውን ውሃ ሳያነሳም ሊያልፍ ይችላል። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ፤ ቤት ውስጥ ከምንሰማው ወሬ ጋር ይቀራረባልና። ዛሬ ኮምፒውተርም የዝምታውን ርዝመት ከተቀዳ ድምፅ ይለካል። ግን የአሜሪካ ወጥ ቤት ገጠር ላደጉ አያት ባዕድ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ሥዕል ቢሆን ይሻል ነበር።

ሁለቱም ብቻቸውን በሽታውን አያረጋግጡም። የመስማት ችግር፣ ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ንግግርንና ትውስታን ሊያውኩ ስለሚችሉ ሐኪሙ እነዚህንም ይመረምራል።