ለዶሮ የተሠራ ኪት ዳክዬ ሲገባበት

በማርችና በኤፕሪል፣ አሜሪካ ያሉ የእርሻ ዕቃ መደብሮች የአንድ ቀን ጫጩት በቆርቆሮ ገንዳ አድርገው መሸጥ ሲጀምሩ፣ ከገንዳው አጠገብ የጫጩት ማሳደጊያ ኪት በካርቶን ይደረደራል። ውስጡ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ከነአሉሚኒየም ቆቡ፣ አንድ ኳርት የሚይዝ የውሃ መጠጫ፣ ክብ መመገቢያ፣ ቴርሞሜትርና ጫጩቶቹን ዙሪያቸውን የሚያጥር ካርቶን አለ። ብራንዱ ይለያይ እንጂ ይዘቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለዶሮ ጫጩት ከተገዛ ገንዘቡ አይቆጭም። ለዳክዬ ግን ከአምስቱ ዕቃ ሳያስቸግር እስከ መጨረሻው የሚያገለግለው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። የሌሎቹ ጣጣ አብዛኛው ከውሃ ይመጣል።

ከሁሉም የሚብሰው መጠጫው ነው። ሞልተው የሚገለብጡት የፕላስቲክ ማሰሮ ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ጠባብ ቦይ የሚቆመው ውሃ ጥልቀቱ ሁለት ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የዶሮ ጫጩት ጠብ አድርጋ ቀና ስለምትል ይበቃታል። ዳክዬ ግን ምንቃሩን እስከ አፍንጫው ቀዳዳ፣ ቢቻል እስከ ዓይኑ መንከር አለበት። ካልነከረ የረጠበ መኖ አፍንጫው ላይ ይደርቃል፣ ዓይኑም አረፋ ይይዝና ይጣበቃል። ባለቤቱ ታመመብኝ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፤ የጎደለው ግን ሁለት ጣት ውሃ ነው። ታዲያ ጎድጓዳ ሳህን ላስቀምጥ ቢሉም አይሆንም፣ ዘለው ይገቡበታል። በማሽን የተፈለፈለ ዳክዬ ከእናቱ ላባ ቅባት ስላላገኘ ውሃ ቶሎ ዘልቆት ይበርደዋል፤ መውጫ ካጣ ደግሞ ይሰጥማል።

የሚሠራው መጠጫ በነጻ ይገኛል። ባዶ የአንድ ጋሎን የውሃ ፕላስቲክ ወስዶ፣ ከሥሩ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በሦስት ጎኑ ራስ ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ መቁረጥ ነው፤ ስፋቱ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። ጠርዙ ስለሚቆርጥ በቴፕ ይሸፈን። ውሃው ከቀዳዳው ትንሽ ዝቅ እስኪል ይሞላል። ከዚያ የላዛኛ መጋገሪያ ትሪ ላይ ዓይኑ ከግማሽ ኢንች ያልበለጠ የሽቦ መረብ ወጥሮ ጋሎኑን መረቡ ላይ ማስቀመጥ። የሚረጩት ውሃ ጉዝጓዙን ሳይነካ ትሪው ውስጥ ይቀራል፤ ማታ ማታ ማፍሰስ ብቻ ነው። ዳክዬ በፍጥነት ስለሚያድግ በየሳምንቱ አዲስ ጋሎን ከፍ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቤቱ እንዳይረጥብ ብሎ ሌሊት ውሃ ማንሳት የሚፈልግ ሰው መኖውንም አብሮ ያንሳ። ደረቅ መኖ ያለ ውሃ ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

ወደ አምፖሉ እንምጣ። ሙቀቱ ለወጉ ከበቂ በላይ ነው። ለዶሮ ጫጩት የተለመደው መነሻ 95 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ለዳክዬ 90 ይበቃል፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ አንድ ዲግሪ እየቀነሱ እስከ 70 ማውረድ ነው። ቴርሞሜትሩ አምፖሉ ሥር፣ በዳክዬዎቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ይቀመጥ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል፤ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። ችግሩ ማንጠልጠያው ላይ ነው፦ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ባለ ስፕሪንግ መቆንጠጫ ብቻውን አይታመንም። ሲንሸራተት የጋለው አምፖል ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይወድቃል፣ በየክረምቱ የዶሮ ቤት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። በሰንሰለት ከላይ ይታሰር፣ ገመዱም ለብቻው ሁለተኛ ቦታ ይያዝ፣ ከጉዝጓዙ ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ይራቅ። ዳክዬ ራሱን ሲያራግፍ የሚረጨው ጠብታ የጋለ መስታወት ሲነካም አምፖሉ ይሰነጠቃል። ይህን ፈርቶ «የማይሰበር» የሚል አምፖል የሚገዛ ሰው ሽፋኑን ያጣራ። ቴፍሎን (የማያጣብቅ መጥበሻ የሚቀባው ሽፋን) የተቀባ ከሆነ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለሰው ሳይታወቅ ወፎችን በሙሉ ይፈጃል።

ዋጋው ከፍ ቢልም የሚሻለው አራት እግር ያለው የማሞቂያ ጠረጴዛ ነው። ዳክዬዎቹ ሥሩ ገብተው ጀርባቸውን ያስነኩታል፤ መብራቱም ስለሌለ ሌሊቱ ሌሊት ይሆንላቸዋል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ከአምፖሉ በብዙ ያንሳል። ግን አየሩን አያሞቅም፣ ስለዚህ ክፍሉ ከ50 ፋራናይት በታች በሚወርድበት ጋራዥ ውስጥ አይበቃም። እግሩንም በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል።

ክብ መመገቢያው የመጀመሪያውን ሳምንት ያዘልቃል። ከዚያ ምንቃራቸው ከቀዳዳው ይሰፋል፤ ከባድ የጎማ ሳህን ይተካው። ካርቶኑ አጥር ሲረጥብ ስለሚተኛ በትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም በውሻ ቤት ይለወጥ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አይነጠፍ፦ ያንሸራትታል፣ እግር ወደ ጎን ይከፈታል፣ ለማቃናትም አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የመደርደሪያ ጎማ ምንጣፍ፣ ከዚያ የፓይን እንጨት ፍቅፋቂ። የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ አይሆንም፣ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል።

ኪቱ መኖ የለውም፤ የብዙ ጀማሪ ስህተት የሚጀምረው ግን መኖው ላይ ነው። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 55 ሚሊግራም ያህል ናያሲን (ቫይታሚን ቢ3) ይፈልጋል፣ ለዶሮ ጫጩት የሚመከረው 30 አካባቢ ነው። ሲጎድል መጀመሪያ መራመድ ይሰለቻል፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ እግሩ ይጎብጣል። 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው፣ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት የጫጩት መኖ ተገዝቶ፣ በአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቢራ እርሾ ዱቄት ይቀላቀል። የዳቦ እርሾ ምትክ አይሆንም፤ ለውሻ ተብሎ የሚሸጠውም ነጭ ሽንኩርት ሊኖርበት ስለሚችል ጀርባው ይነበብ። እንደ ዱቄት የላመ መኖ ምንቃር ላይ ስለሚለጠፍ ፈርፈር ያለው ይመረጥ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ ይውረድ፤ አጃ እየጨመሩ ማሳነስም ይቻላል። ፕሮቲን ሲበዛ የክንፉ ጫፍ ወደ ውጭ ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።

ሳህኑ ውስጥ የረጠበ መኖ አይደር። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የትኛውንም የቤት ወፍ ይጎዳል፣ እንደ ዳክዬ ጫጩት ቶሎ የሚገድለው ግን ጥቂት ነው። የሻገተ እንጀራ ለዳክዬ ይሁን ማለት በኛ ቤት የተለመደ ስለሆነ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ደህናውም እንጀራ ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት አይሰጥ። አረንጓዴ ከተፈለገ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ውሃው ላይ መበተን፤ ጥቃቅን ጠጠርም አብሮ ይሰጥ። አቮካዶ በፍጹም።

ሽያጩ ከፋሲካ ጋር ስለሚገጥም ለልጆች ስጦታ የሚገዛ ብዙ ነው። ዳክዬ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ ይይዛል፤ የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነኳቸው ይመክራል። መጠጫውም የወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አይታጠብ። ከመግዛት በፊት ካውንቲው ዳክዬ ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ አንድ ብቻ መግዛትም ወፏን ማሰቃየት ነው፣ ቢያንስ ሁለት።

ኪቱን ገና ያልገዛ ሰው የማሞቂያ ጠረጴዛውን፣ የጎማ ሳህኑን፣ ቴርሞሜትሩንና ፕላስቲክ ሳጥኑን ለየብቻ ይግዛ። የገዛ ሰው ደግሞ አምፖሉን በሰንሰለት አስሮ ይጠቀምበት፣ መጠጫውን ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንዳለፉ ያውጣው።