ለኢሱዙዬ የገዛሁት «የቧንቧ መድኃኒት»

ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ናፍጣ ላይ የሚጨመር ኬሚካል ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ሻይም ጋብዞኛል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሜሪካኖች ነዳጅ ቧንቧ ውስጥ የሚጨምሩት ነው፤ ናፍጣውን ያንሸራትተዋል፣ የአባይን ዳገት ሳይታወቅዎት ይወጡታል» አለኝ። ዋጋው ከፊልትሮ ይበልጣል። ገዛሁ እንግዲህ።

በቆሎ ጭኜ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ከአባይ ድልድይ እስከ ጎሃ ጽዮን ማርሹ ያው፣ ጭሱ ያው፣ ናፍጣውም የሚበላው ያው።

ልጁ ስለ ቧንቧው የነገረኝ ግን ውሸት አይደለም፣ ቦታውን ነው የሳተው። ድፍድፍ ነዳጅ በረጅም ቧንቧ ሲገፋ ፈሳሹ እየታመሰ የፓምፑን ጉልበት ይበላል። በሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሚጨመር ፖሊመር የሚባል፣ ቅንጣቱ እንደ ረጅም ክር የሆነ ኬሚካል ያንን ትርምስ ያረግበዋል፤ በዚያው ፓምፕ ብዙ ነዳጅ ያልፋል። 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የአላስካ ቧንቧ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው መጠቀም የጀመሩት። ችግሩ ፖሊመሩ ፓምፕ ውስጥ ሲያልፍ ይበጣጠሳል፣ ስለዚህ ከየፓምፕ ጣቢያው በኋላ እንደገና ይጨመራል። እና የእኔ ኢሱዙ ቧንቧ ስንት ነው? ከታንኩ እስከ ሞተሩ ሦስት እርምጃ፣ ለዚያውም መሀሉ ላይ ፓምፕ ተቀምጦበት! የዚህ ዕቃ ገዢ ረጅም ቧንቧ ያለው ኩባንያ ነው። እኛ ጋ ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ማን ይግዛው?

ደግሞ ልጄ ጠርሙሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ሲያነብልኝ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ናፍጣ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመር ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፤ ውርጭ በበዛበት አገር ልክ ጠዋት ጠዋት እንደሚረጋ ቅቤ ይሆንና ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ለዚያ አገር ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፣ ክፉ አልናገረውም። የማርቆስ ብርድ ግን ጋቢ ያስደርባል እንጂ ናፍጣ አያረጋም።

ለካ የኔ መኪና በሽታ ሌላ ነው። ቡሬ ላይ መካኒኩ ፊልትሮውን ፈትቶ ሲያሳየኝ ከስሩ ውሃና ደለል ተኝቶበታል፤ ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ከጀሪካን የገዛሁት ናፍጣ ሥራ ነው። ውሃውን ደፋ፣ አዲስ ፊልትሮ ገጠመ፣ ያን ቀን ዳገቱ ላይ ልዩነቱ ታወቀኝ።

የማሸጊያውን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ ክዳኑ ጠበቅ ያለ ነው፣ አያንጠባጥብም። ግማሹ አሁንም ጋቢናዬ ውስጥ አለ። የሚፈልግ በነፃ ይውሰደው፤ ጮቄ ተራራ ላይ መኪና የሚያሳድር ካለ እሱ ይቅደም።