ማቴማቲክስ ጂኒዮሎጂ ፕሮጀክት የሎጂክ ሰዎችን ለማጥናት ምን ያህል ይጠቅማል?

ማቴማቲክስ ጂኒዮሎጂ ፕሮጀክት የሂሳብ ሰዎች ፒኤችዲያቸውን በማን አማካሪነት እንደሠሩና እነሱም ማንን እንዳማከሩ የሚመዘግብ የኢንተርኔት ዳታቤዝ ነው። ብዙ ሰው የሚከፍተው የአማካሪውን አማካሪ ለማየት ነው፣ እኔ ግን የማቴማቲካል ሎጂክ ሰዎችን የአካዳሚክ ህይወት ለመከታተል ስለምጠቀምበት በዛ በኩል ያለውን ነው የምጽፈው። ነፃ ነው። ስም ጽፋችሁ ስትፈልጉ ዩኒቨርሲቲው፣ ፒኤችዲ የተያዘበት ዓመት፣ የዲሰርቴሽኑ ርዕስ፣ አማካሪው፣ ከዛ ተማሪዎቹ ይመጣሉ፣ በቃ።

ጣፋጩ ነገር ያለው ሊንኮቹ ላይ ነው። የሎጂክ ሊቁን አሎንዞ ቸርችን ክፈቱ፣ ፕሪንስተን 1927፣ አማካሪ ኦስዋልድ ቬብለን ይላል፣ ወረድ ስትሉ ተማሪዎቹ ተደርድረዋል፣ ክሊኒና ሮሰር 1934፣ ቱሪንግ 1938፣ ሄንኪን 1947፣ ዴቪስ 1950፣ ዳና ስኮት 1958 እያለ ከ30 በላይ ይሆናል። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ አፈራ እንዴ ያስብላል! የኮምፒዩተር ሳይንስን መሠረት ከጣሉት ስንቱ ከአንድ ሰው እጅ እንደወጣ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል፣ ቱሪንግን ስትነኩት ደግሞ ተማሪው ሮቢን ጋንዲ፣ ካምብሪጅ 1953 ብሎ ይቀጥላል፣ እኔ እዚህ ከገባሁ ቶሎ አልወጣም።

ግን የሰውዬውን የሥራ ዘመን ከዚህ አገኛለሁ ካላችሁ አይሆንም። ጎደልን እዩት፣ ቪየና 1929፣ አማካሪ ሃንስ ሃን፣ ተማሪ የለም። የማያውቀው ሰው ቢያይ ዲግሪውን ይዞ የጠፋ ነው የሚመስለው፣ 1931 ላይ የሂሳብ ደንቦች ሁሉንም የሂሳብ እውነት ማረጋገጥ እንደማይችሉ አሳይቶ የሂሳብን መሠረት ያናወጠው ሰው እኮ ነው! ከ1940 ጀምሮ የነበረው ፕሪንስተን ያለው የከፍተኛ ጥናት ኢንስቲትዩት ነው፣ እዛ ደግሞ ዲግሪ ስለማይሰጥ የዶክትሬት ተማሪ ከየት ይመጣል? ፕሮፌሰር ያደረጉትም 1953 ላይ ነው፣ ይሄ ሁሉ ፔጁ ላይ የለም።

እኔን በጣም የሚከነክነኝ የሂሳብ ሊቋ የጁሊያ ሮቢንሰን ገጽ ነው። በርክሌይ 1948፣ አማካሪ ታርስኪ ይላል። ከዛ በኋላ ባሏ እዛው ዲፓርትመንት ያስተምር ስለነበር ባልና ሚስት አንድ ላይ እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ደንብ ነበር፣ እሷ ግን የሂልበርትን 10ኛ ጥያቄ (አንድ ፖሊኖሚያል እኩልታ በሙሉ ቁጥር መፍትሔ ይኑረው አይኑረው ሁልጊዜ የሚለይ ዘዴ አለ ወይ የሚለውን) ይዛ ቀጠለች፣ 1970 ላይ ማቲያሴቪች የቋጨው እሷና ዴቪስና ፑትናም በሠሩት ላይ ቆሞ ነው። በርክሌይ ፕሮፌሰር ያደረጋት 1976 ነው። 28 ዓመት ማለት ነው! ዳታቤዙ የተሠራው ማን ማንን አስተማረ ለሚለው ስለሆነ አልፈርድበትም፣ ግን በተማሪ ብዛት ብቻ ሰው የሚመዝን ካለ እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ።

ስለዚህ ሁለት ታብ ክፈቱ፣ አንዱ ላይ ይሄን፣ ሌላው ላይ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲውን ማክቱተር የሚባለውን የሂሳብ ታሪክ ድረ ገጽ፣ የህይወት ታሪኩን እዛ በሰፊው ታገኙታላችሁ። ሎጂክ ላይ ፒኤችዲ ልትጀምሩ አማካሪ እየመረጣችሁ ከሆነ ደግሞ ሰውየው በቅርብ ዓመታት ተማሪ አስመርቋል ወይ የሚለውን ለማየት ከዚህ የቀለለ አላገኘሁም። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። የጎደለ ስም ካያችሁ ፎርም አለው፣ ሞልታችሁ ላኩላቸው።