በአምቡላንሳችን ያለችው ትንሽ ፍሪጅ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ጅማ እንደ ጋምቤላ የምታቃጥል ከተማ አይደለችም፤ ለአምቡላንስ መድኃኒት ፍሪጅ መግዛታችንን እንደ ቅንጦት የቆጠሩ ባልደረቦችም ነበሩ። መኪና ግን የከተማውን አየር አይከተልም። በየካቲት ፀሐይ በሩ ተዘግቶ የቆመ አምቡላንስ ውስጡ ከውጭው እጅግ ይብሳል፤ ሪፈር ይዘን ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ደግሞ የጊቤ በረሃ አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለማቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይፈልጋል። ሙቀት ያደከመው ኦክሲቶሲን መልኩ አይለወጥም፤ ደም የሚፈሳት ወላድ ላይ ካልሆነ በቀር ድካሙ አይታወቅም።

የገዛናት ፍሪጅ ባለኮምፕረሰር ናት፤ በመኪናው 12 ቮልት ትሠራለች። ረከስ የሚሉት ኮምፕረሰር የሌላቸው ሳጥኖች ከአካባቢው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ቢያደርጉ ነው፤ መኪናው ውስጥ 40 ከሆነ መድኃኒቱ 20 ላይ ይቀራል። ለምሳ ማቆያ ይበቃሉ።

በማቀዝቀዙ አልታማትም። የማማርርባት ፊቷ ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው፤ የግድግዳዋን እንጂ የመድኃኒቱን ሙቀት አይናገርም። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለብቻ ገዝተን ታችኛው ጥግ ላይ ስናስቀምጥ፣ እርሷ 4 እያለች ጥጉ ከዜሮ በታች የወረደባቸው ሌሊቶች ታዩ። ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥም ይጣላል። ሙቀቱን ስንሸሽ ብርዱ ይጠብቀን ነበር ማለት ነው። አሁን 5 ላይ እናደርጋታለን፤ የውሃ ጠርሙሶች በግድግዳዋና በወለሏ ደርድረን መድኃኒቱን መሐል እናስቀምጣለን። ጠርሙሶቹ መብራት ሲጠፋም ቅዝቃዜውን ያቆያሉ።

ሾፌሩ ባትሪዬን ትጨርስብኛለች ብሎ ሠግቶ ነበር፤ ተገቢ ሥጋት ነው። የባትሪ መከላከያዋ ሦስት ደረጃ አለው፤ ከፍተኛው ላይ ሲደረግ ሞተር ለማስነሣት የሚበቃ ኃይል ሳያልቅ ራሷን ታጠፋለች። ስለዚህ መኪናው ሲቆም ወደ ቤት መብራት እናዞራታለን።

ሁሉም መድኃኒት አይገባባትም። የአንጎል እብጠትን ለመቀነስ የሚሰጠው ማኒቶል በቅዝቃዜ ክሪስታል ይሠራል። አድሬናሊንና ማግኒዥየም ሰልፌትም ቦታቸው የመድኃኒት ቦርሳው ነው፤ ቦርሳውን ከመኪናው ሙቀት ለመጠበቅ ደግሞ የሚገዛ መፍትሔ አላገኘሁም፤ ተረኛው ከመኪናው ሲወርድ ይዞት ይወርዳል። ይህ ልማድ ለብዙው መድኃኒት ከፍሪጇ ይልቅ ጠቅሟል ብል አላጋነንኩም።

ጅማ አጠገብ ያለችውን የዴዶን ወረዳ መንገድ ለመቻል በቀበቶ መታሰር አለባት፤ ከእሷ ጋር የመጣው ማሰሪያ አይረባም። የክዳኗ ጎማ በክረምቱ እርጥበት ሻጋታ ስላወጣ በአልኮል እንጠርገዋለን። መለዋወጫውን ጅማ ውስጥ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አዝዣለሁ።