አይረን 883 ወይስ ናይትስተር? ሁለቱን ጎን ለጎን ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ስፖርትስተር የተባለውን የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሳይክል መግዛት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሞተሮች አንዱን መምረጥ አለበት። የመጀመሪያው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ኢቮሉሽን ነው፤ አይረን 883 የሚሄደው በእሱ ነው። ሁለተኛው በ2022 የመጣው የናይትስተር ሞተር ነው፤ 975 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ። ይህ ግምገማ የ2017 አይረንና የ2022 ናይትስተር በዲሲና በቨርጂኒያ መንገዶች፣ በሥራ መመላለሻም በረጅም ጉዞም፣ ያሳዩትን የያዘ ነው።

ብዙ ሰው አዲሱ ከባድ ይመስለዋል። እውነታው ተቃራኒ ነው፤ አይረን ነዳጁንና ዘይቱን ይዞ 256 ኪሎ ሲመዝን ናይትስተር 221 ነው። የ35 ኪሎ ልዩነት ሞተር ሳይክሉን ከፓርኪንግ ወደ ኋላ ገፍተው ሲያወጡ ወዲያው ይታወቃል። ናይትስተር ላይ ሞተሩ ራሱ የሻንሲውን ሥራ ስለሚሠራ፣ ነዳጁም ከመቀመጫ ሥር ስለሆነ ክብደቱ ወደ ታች ወርዷል። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ወይም ጀማሪ በዚህ ብቻ ናይትስተርን ቢመርጥ አልተሳሳተም።

ነገር ግን ነዳጁ የተቀመጠበት ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። ከፊት ሰርባቶዮ መስሎ የሚታየው የአየር ማጣሪያው መሸፈኛ ነው። ማደያ ሲደርሱ ወርዶ መቀመጫውን በቁልፍ ከፍቶ ማንሳት ግድ ነው፤ መቀመጫው ላይ ቦርሳ ካሰሩ መጀመሪያ እሱን መፍታት ነው። የሚይዘው 11.7 ሊትር ነው። መሙላቱ ሲቃረብ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቢፈስ ለማጽዳት የማይመች ቦታ ነው። አይረን 12.5 ሊትር ይይዛል፣ ክዳኑም እንደ ድሮው ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማደያ ያስፈልጋቸዋል።

ፍሬን ላይ ክርክር የለም። ናይትስተር ኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) እና የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያ ይዞ ይመጣል። አይረን ላይ ኤቢኤስ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ ስለነበረ ብዙዎቹ የላቸውም። ቀለበት መንገዱ ላይ፣ 495 ላይ፣ ከፊት ያለው መኪና በዝናብ ድንገት ሲቆም ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ኤቢኤስ የሌለው አይረን በዋጋ ቢረክስም አንመክርም።

አሮጌው የሚያሸንፈው ጥገና ላይ ነው። የዘይት ለውጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቂ ነው፦ 20ደብሊው50 ዘይት 2.8 ኳርት፣ ማለትም 2.65 ሊትር፣ አንድ ፊልትሮ፣ ከዘይት ታንኩ የሚወርደውን የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ለመፍታት አንድ ካቻቢቴ። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ለብቻቸው አንድ ኳርት ዘይት ይጋራሉ። በግራ በኩል ያለው፣ ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ ኃይል የሚያስተላልፈው የውስጥ ካቴና ልልነት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከ9.5 እስከ 12.7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካቴናው እኩል ስለማይለብስ ጎማውን እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ መለካት ነው፤ በላላበት ቦታ ተለክቶ ከተስተካከለ በሌላው ቦታ ከመጠን በላይ ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል።

በተለይ የአይረን የዘይት አለካክ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዘይቱ የሚቀመጠው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ባለ ታንክ ውስጥ ነው። ለቀናት ሲቆም ጥቂቱ በፓምፑ አልፎ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ቀዝቃዛ እያለ የለካ ሰው ጎደለ ብሎ ይጨምራል። ሲነሳ የወረደው ተመልሶ ታንኩን ከልክ በላይ ይሞላዋል፤ ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን ያርሰውና በቀኝ በኩል ይንጠባጠባል። ያኔ ጋርኒሲዮን ተበላሸ ተብሎ ደህና ሞተር ይፈታል። መለካት ያለበት ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ነው።

ናይትስተር ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ይህ ሥራ ይቀንሳል። ካንዴላ ግን አይረን ላይ ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት የሚታዩ ሲሆኑ እዚህ በየሲሊንደሩ ሁለት፣ በድምሩ አራት ናቸው፤ እነሱ ጋ ለመድረስም ብዙ መፈታት አለበት። የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ሲመጣ መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ መፈለግ ነው። የቫልቭ ማስተካከያ ሥጋት ግን ሁለቱም ጋ የለም፤ ክፍተቱን ራሱ በዘይት ግፊት ይጠብቃል። የአገልግሎት ጊዜያቸውም አንድ ነው፦ መጀመሪያ በ1,000 ማይል፣ ከዚያ በየ5,000።

አነዳዱ? አይረን ቆሞ ሲሠራ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ፍጥነት ሲይዝ ይረጋጋል። ማርሹ አምስት ነው። ከ2,000 ዙር ጀምሮ የሚሰጠው ቀስ ያለ ጉልበት ደስ ይላል፤ ለሚወደው ሰው ይህን የሚተካ የለም። በሰመር ሙቀት መብራት ላይ ግን የኋላው ሲሊንደር ቀኝ ጭንን ያቃጥላል። ናይትስተር ስድስት ማርሽና ወደ 90 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ዙሩ ከፍ ሲል ስለሆነ ማርሽ ቶሎ የሚጨምር ሰው ደካማ ይመስለዋል። መጭመቂያው 12 ለ1 ስለሆነ 91 ኦክቴን ቤንዚን ያስፈልገዋል።

በ883 ጉልበት ያልረካ ሰው ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ከ76.2 ወደ 88.9 ሚሊ ሜትር ቀይሮ 1200 ማድረግ ይችላል፤ የነዳጅ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም አብሮ ካልተስተካከለ ግን ነዳጁ ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ፣ መፍቻ መያዝ የማይፈልግ፣ ናይትስተር ይግዛ፤ በ2022 ሲወጣ 13,499 ዶላር ስለነበር ያገለገለውን መፈለግ ይሻላል። በእጁ መሥራት የሚወድ ከ2016 ወዲህ የተሠራ፣ ኤቢኤስ ያለው አይረን ይፈልግ፤ በዚያ ዓመት የፊትና የኋላ አሞርዛተሩ ተሻሽሏል። ሊያይ ሲሄድ ከቴስታታው በላይ ያሉት ክዳኖች ሥር ዘይት መኖሩን፣ ቺንግያው ላይ የጎደለ ጥርስ ወይም ጠጠር የበሳው ቀዳዳ መኖሩን ይመልከት። ጎማው ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ያንብብ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነውና ጥርሱ ቢተርፍም የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ከሁሉ በፊት ግን ሲሊንደሩን በእጁ ይንካ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ፣ ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ ለማየት ሌላ ቀን በጠዋት ይመለስ።