ኮፐንሂል፦ የቆሻሻ ማቃጠያ ጣሪያ ላይ መውጣት ያዋጣል?

የዴንማርኩ አርክቴክት ቢያርኬ ኢንግልስ ብዙ ሠርቷል፤ ስሙን ያገነነው ግን ኮፐንሀገን አማገር ደሴት ላይ ያለው ኮፐንሂል ነው። ሥራው ቆሻሻ ማቃጠል ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሰው በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ፣ ይንሸራተታል፣ በእግሩ ይወጣል፣ ግድግዳውንም ይቧጥጣል። ማቃጠያው በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ጣሪያው የተከፈተው በ2019 ነው።

ብልሃቱ ያለው ከጣሪያው ሥር ነው። የማቃጠያ ማሽኖች ቁመታቸው የተለያየ ነው። እነሱን ከረጅሙ ወደ አጭሩ በተርታ ሲደረድሯቸው ጣሪያው በራሱ ጊዜ ተዳፋት ሆነ፤ ኮረብታ ለማስመሰል አፈር መቆለል አላስፈለገም። የውጭው ግድግዳ 3.3 ሜትር ወርድና 1.2 ሜትር ቁመት ያላቸው የአሉሚኒየም ሳጥኖች እንደ ጡብ ተደራርበው የቆሙበት ነው፤ በመካከላቸው ባለው መስታወት ብርሃን ይገባል።

ስኪው በረዶ የለውም። የሚንሸራተቱት ሣር በሚበቅልበት አረንጓዴ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው። የወደቀ ሰው ቆዳው ይላጣል፤ ስለዚህ በበጋም ቢሆን ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ የግድ ነው። ፕላስቲኩ የስኪውን ጠርዝ ስለሚበላ የራስን ውድ ስኪ ይዞ ከመሄድ መከራየት ይሻላል። ላይኛው ክፍል ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው፣ ጀማሪ ከታች ይጀምር። ስኪውና ማቃጠያው አንድ ሥራ ስላልሆኑ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

የእግር መንገዱ ግን ነፃ ነው፤ ርዝመቱ 490 ሜትር ገደማ ነው፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ተተክሎበታል። ከሁሉም የሚመረጠው በመስታወት ሊፍቱ ወጥቶ በእግር መውረድ ነው፤ ሊፍቱ ውስጥ ሆነው የማቃጠያውን ሆድዕቃ ያያሉ። ጫፉ 85 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ነፋስ አለ፣ ጃኬት አይረሳ። የመውጫ ግድግዳውም ቁመቱ ያው 85 ሜትር ነው፤ ልምድ ለሌለው አይሆንም።

ያልተሳካም አለ። ጭስ ማውጫው አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወጣ ቁጥር የእንፋሎት ቀለበት ይተፋል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ እስካሁን የታየ ነገር የለም። ከዚያ የሚከብደው ግን የአቅሙ ነገር ነው። ሁለቱ ምድጃዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 35 ቶን ያቃጥላሉ፤ የአገሬው ቆሻሻ ስለማይበቃቸው ከውጭ እስከ ማስመጣት ተደርሷል። ዴንማርክ ደግሞ የማቃጠል አቅሟን በ30 በመቶ ለመቀነስ በ2020 እ.ኤ.አ. ወስናለች። ሕዝብ የሚዝናናበትን ማቃጠያ ለመዝጋት የሚደፍር ባለሥልጣን ማግኘት ከባድ ነው፤ ውበቱ እዚህ ላይ ጣጣ ሆኗል።

«አዲስ አበባ ባለው የቆሻሻ ማቃጠያ በረጲ ላይስ ለምን አይሠራም?» የሚል አይጠፋም። የዴንማርኩ አማካሪ ድርጅት ራምቦል ኮፐንሂል ላይም፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ረጲ ላይም ሠርቷል። ልዩነቱ ከጣሪያው አይደለም። ኮፐንሀገን የሚወጣውን ሙቀት በቧንቧ ለቤት ማሞቂያ ትሸጣለች፤ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ የቧንቧ መረብ ስለሌላት የሚሸጠው መብራት ብቻ ነው። የእኛ ቆሻሻ ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ የበዛበትና እርጥብ ስለሆነ ከሙቀቱ ብዙው ውሃውን ለማትነን ይውላል። መናፈሻው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ኮፐንሂልን ትቶ እዚያው ኮፐንሀገን፣ ኢስላንስ ብሩገ ሰፈር ያለውን የወደብ መዋኛ ቢያይ ይሻለዋል። ኢንግልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ከአርክቴክቱ ዡሊየን ደ ስሜት ጋር የሠራው ነው፤ አምስት ገንዳ አለው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ከተማዋ አስቀድማ የዝናብ ውሃና ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ባትሠራ ኖሮ እዚያ መዋኘት አይታሰብም ነበር፤ የአርክቴክቱ ድርሻ የእንጨት መድረኩና መወጣጫው ነው፣ እሱንም አሳምሮታል። ከባድ ዝናብ ከጣለ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ፍሳሹ ወደ ወደቡ ስለሚገባ መዋኛው ይዘጋል፤ ከመግባትዎ በፊት የዕለቱን የውሃ ጥራት ማስታወቂያ ይመልከቱ።