ፎርማት ከማድረጉ በፊት የጠየቀኝ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ እየተነሳ ያስቸገረው ሰው ካለ ይሄን ሳያነብ ማሽኑን ተሸክሞ አይውጣ። ትንሽ ይረዝማል። እኔ ግን እንዲህ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የስድስት ዓመት ሥራዬ ለአደጋ ባልተጋለጠ ነበር።

ቤታችን ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፕ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10። አስተማሪ ነኝ። የፈተና ጥያቄዎቼ፣ ማስታወሻዎቼ፣ በፓወር ግዕዝ የጻፍኳቸው ወርክሺቶች በሙሉ እሱ ላይ ናቸው። ልጄም ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ስለሆነች ማታ ማታ የምታጠናው በእሱ ነው።

ችግሩ ኅዳር ላይ ጀመረ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ መጣ፤ በማግስቱ ስከፍተው የዊንዶውስ ምልክት ይወጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ ድርግም። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ድርግም። አንዳንዴ ደግሞ ደህና ይገባና አሥር ደቂቃ ካሠራኝ በኋላ ምንም ሳይል ሪስታርት ያደርጋል። ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ይላል፣ ግን ሳላነበው ይጠፋል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ ሌላ ቤት ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። ልጁ ሲፒዩውን ሰካው፣ አንዴ ሲጠፋ አየ፣ «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ፤ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። ፋይል አለኝ ስለው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ አረጋጋኝ፤ ሲ እና ዲ የሚባሉት ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች ናቸው። እኔም አመንኩ። ያላወቅኩት ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ሁሉ፣ ዶክመንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ሌላ ቦታ ካልተዛወረ በስተቀር የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። ይሄን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቤት ገብቼ ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ያው ችግር ተመለሰ። ይዤው ስመለስ ልጁ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ ከፈተ፣ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት አሳየኝና «ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ በ2,500 ብር እቀይርልዎታለሁ» አለኝ። ደግነቱ ኪሴ ውስጥ ያን ያህል አልነበረም። ሲፒዩዬን ይዤ ወጣሁ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳወራ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ቧንቧ ውሃው ቤት የነገረኝ። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስትሄዱ ከመንገዱ ዳር ያለ ፎቅ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ጠባብ ክፍል ናት። ለጠጋኙ ስደውልለት መጀመሪያ ያለኝ ነገር ገረመኝ። «ጋሼ፣ ሲፒዩውን ሲያመጡ የሚሰኩበትን ዲቫይደርና ገመዱንም ይዘው ይምጡ።» እስከዛሬ ማንም ጠጋኝ ዲቫይደር አምጣ ብሎኝ አያውቅም።

ስደርስ ማሽኑን ሳይከፍት በፊት ወንበር ሰጠኝና ጥያቄ ጀመረ። መቼ ጀመረ? መብራት ከሄደ በኋላ ነው ወይስ አዲስ ፕሮግራም ከጫኑ በኋላ? የሚጠፋው ምልክቱ ላይ ነው ወይስ እየሠሩ እያለ? ቪዲዮ ሲያዩ ይብሳል? ሲጠፋ ፋኑም ይቆማል ወይስ ፋኑ እየዞረ ነው የሚነሳው? ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለማወቅ እንደሆነም ይነግረኝ ነበር። ለምሳሌ ቪዲዮ ሲታይ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው የሚጠረጠረው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡለት ደንበኞች አሉት፤ እዚያ ታች ሞቃት ስለሆነ ፋናቸው በአቧራ የታፈነ ማሽን በብዛት እንደሚያይ ነገረኝ። የእኔ ግን ጠዋት በደሴ ብርድ፣ ገና ሲከፈትም ይጠፋል። ስለዚህ ሙቀቱን ወደ ኋላ አደረገው።

ቀጥሎ ያደረገውን በደንብ ልንገራችሁ፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲያጋጥመው በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሰማያዊው ገጽ ሳይነበብ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ማስቆም ያስፈልጋል። ማሽኑ እየተነሳ እያለ ማብሪያውን ተጭኖ አጠፋው፣ ይሄንኑ ደጋገመው፣ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጹን አመጣ። በዚያ ገጽ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ ብሎ ገባ። ሪስታርት ሲያደርግ የአማራጮች ዝርዝር መጣ፤ 9 ቁጥርን ነካ። 9 ቁጥር ማለት ስህተት ሲመጣ በራስህ አትነሳ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሰማያዊው ገጽ መጣና ቆመ። ለሁለት ሳምንት ሲያመልጠኝ የነበረውን ጽሑፍ ያን ጊዜ አነበብኩት። «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» ይላል።

ጠጋኙ ይሄን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዊንዶውስ ከዲስኩ ላይ ሊያነብ የፈለገውን ነገር ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው አለኝ። ምክንያቱ የተበላሸ ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ የላላ የዲስክ ገመድ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ራም ነው። ከርነል ፓወር 41 ስለሚባለውም ጠየቅኩት። ቁጥሩ የሚናገረው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው አለኝ። ለምን ጠፋ ለሚለው መልስ የለውም። መብራት ቢሄድም ያው ቁጥር ይመዘገባል፣ ሰው ማብሪያውን ተጭኖ ቢያጠፋውም ይመዘገባል። ያን 2,500 ብር አስቡት።

ከዚያ ማሽኑን አጠፋውና «ከዚህ በኋላ ባናስነሳው ይሻላል» አለኝ። ለምን ስለው፣ ፎርማት የተደረገ ፋይል ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ቦታው ክፍት ነው ተብሎ ምልክት እንደሚደረግበት፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ግን እዚያ ክፍት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሊጽፍ እንደሚችል አስረዳኝ። የጻፈበት ደግሞ አይመለስም። እኔ ለዘጠኝ ቀን ሳበራ ሳጠፋ የከረምኩት ነገር ልቤን ሰበረው። «አብሽሩ ጋሼ፣ ሁሉም አይሄድም» አለኝ። ያችን አብሽር መቼም አልረሳትም።

ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘውና መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ወሰደ። ፋይል የፈለገው ከግልባጩ ላይ ነው፤ ዋናው ዲስክ እየደከመ ስለሆነ ብዙ ማመላለስ አልፈለገም። ከዚያ ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን የጤና መረጃ አሳየኝ። የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍባቸው ትንንሽ የዲስኩ ቦታዎች፣ አሉ፣ ለመነበብ ያቃቱና ተራ የሚጠብቁም አሉ። በዚህም አልረካም። ገመዱን ቀይሮ ሞከረ፣ ራሙን ደግሞ አራት ሰዓት ያህል በመፈተኛ ፕሮግራም አቆየው። ራሙ ንጹህ ነው። በሽታው ዲስኩ ጋ ነው።

ታዲያ ፎርማት ሲደረግ ለምን ዘጠኝ ቀን ሠራ? ይሄ ጥያቄ ያስጨንቀኝ ስለነበር ጠየቅኩት። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ደህናው የዲስኩ ክፍል ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል፤ እየቆየ፣ እየተጻፈ እየተሰረዘ ሲሄድ የተበላሸው ቦታ ላይ ይደርሳል አለኝ። ግድግዳው ውስጡ እየፈረሰ ላዩን ቀለም እንደመቀባት ነው። ሲስተሙ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር፣ ፎርማትም ያስተካክለው ነበር፤ ግን ሲስተሙን ያበላሸው ነገር እዚያው ቁጭ ብሏል።

ዲቫይደሩንም አልረሳውም። አምፖል ሰክቶበት ትንሽ ሲነቀንቀው አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ውስጡ ላልቷል። ለካ ቤት ውስጥ ሰው እግሩ ሲነካው ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋ የነበረው በእሱ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ እየጻፈ ሳለ ደጋግሞ መብራት ሲቋረጥበት ፋይሉም ሊበላሽ፣ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ከመብራቱ መሄድ መምጣት ጋር ተደማምሮ የኔ ዲስክ ብዙ መከራ ነው ያየው።

256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ገባለት። ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ጫነ፣ ግን ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያስሠራውን አክቲቬተር የሚባል ፕሮግራም አልነካም። የበፊተኛው ልጅ አንቲቫይረሱን አጥፍቶ አንዱን ጭኖበት እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። የማሽኑ ፈቃድ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር እንጂ ከዲስኩ ጋር ስላልሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ሆነ።

ዊንዶውስ 11 ይሁንልኝ ብዬ ጠይቄው ነበር። አይሆንም አለኝ። ማይክሮሶፍት ለ11 የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የኔ አራተኛ ነው። በግድ መጫን ይቻላል፣ እኔ ግን ለደንበኛ አላደርገውም አለ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ እንዳበቃ ሳይደብቅ ነገረኝ። ለግለሰቦች ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ስላለ በማይክሮሶፍት አካውንቴ አስመዘገበኝ። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስንም አንስቶልኝ ነበር፤ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ሥራዬን ያስቆመኛል ብዬ ተውኩት። እሱም አልገፋፋኝም።

የከፈልኩት ለኤስኤስዲው 4,500 ብር፣ ለምርመራና ለመጫን 700፣ ፋይል ለመመለስ 1,000 ነው። ፋይል መመለሱን በተመለከተ አስቀድሞ «ካልተገኘ አላስከፍልም» ብሎኛል። አብዛኛው ተመለሰ። ስማቸው ግን ጠፍቷል፤ ቁጥር ብቻ ይዘው ነው የመጡት፣ እየከፈትኩ አንድ በአንድ እየሰየምኩ ነው። የማይከፈቱም አሉ። የ2015 የሁለተኛው መንፈቅ ፈተናዬ አልተገኘም፤ ይሄንን ከእሱ ጋር አላያይዘውም።

ቅሬታም አለኝ። በሁለት ቀን ይደርሳል ያለኝ በአምስተኛው ቀን ነው የደረሰው። መብራት ሄዶ ራሙን የሚፈትነው ተቋርጦበት እንደገና ጀምሯል፤ ይገባኛል። ግን ደውሎ ቢያሳውቀኝ ምን ነበረበት? ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ ሦስቴ ደውዬ ነው በአራተኛው ያገኘሁት። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፣ ሲፒዩ ተሸክሞ ለሚወጣ ትልቅ ሰው ከባድ ነው። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁት አይሰጥም፤ ስጠይቀው ወዲያው ጻፈልኝ፣ ለኤስኤስዲውም የአንድ ዓመት ዋስትና አሰፈረበት። ዋጋውን ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ደግሞ ሰው ሳይፈራ ይገባል።

እነዚህን ቢያስተካክል ደስ ይለኛል፤ ባያስተካክልም ግን ሌላ ቤት አልሄድም። ከዚህ በፊት የሄድኩበት ቤት አርባ ደቂቃ ፈጅቶ ፋይሌን አጠፋ። ይሄኛው አምስት ቀን ፈጅቶ ምክንያቱን አገኘ። አሮጌውን ዲስክም በላስቲክ ጠቅልሎ መልሶልኛል፤ «ምናልባት ያልተገኘ ፋይል ትዝ ካለዎት አይጣሉት» ብሎ።

አሁን ሁለት ወር ሆነው። አንድም ቀን በራሱ አልጠፋም። ልጄ ማታ ስታጠና ከእሱ ጋር የምትታገለው ነገር የለም። እኔም ፋይሎቼን ፍላሽ ላይ እየገለበጥኩ አርብ አርብ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ለመሄድ ካሰባችሁ አርብ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ለጁምዓ ይዘጋና ከ8 ሰዓት በኋላ ነው የሚከፍተው። ዲቫይደራችሁንም ያዙ፤ መጠየቁ አይቀርም።